ባና ነው፣ በግ አይደለም

አባቴ ጌጡ ግትር ናቸው። ይህን የምለው ስለምወዳቸው ነው፤ የማይወዳቸው ከዚህ የባሰ ይላል። መንዝ፣ ሞላሌ ውስጥ ከበግ ጠጉር ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው። ዘንድሮ ግን ገበያው በፋብሪካ ብርድ ልብስ ተጥለቀለቀና ያ ጥቁር ባናቸው ሳይሸጥ ከረመ። ወንድሜ ባምላኩ ደግሞ የሽመና ቤቱን ከረንቡላ ማጫወቻ ሊያደርገው ቋምጧል። በመጨረሻ አባባ፣ "እስከ ፋሲካ ይህ ባና ካልተሸጠ የሽመና ዕቃዬን እነቅላለሁ" ብለው ማሉ። ከማሉ ደግሞ ማሉ ነው።

እኔ ያ ዕቃ ሲነቀል ማየት አልችልም። ስለዚህ በስልኬ በኢንተርኔት ገበያ ሻጭ ሆኜ ተመዘገብኩ። የፎቶው ደንብ ግን ጭንቅ ነው፤ ጀርባው ነጭ ይሁን፣ ዕቃው ብቻውን ይታይ፣ ሰው እንዳይገባ ይላል።

ነጭ አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ወጥሬ ባናውን መሬት ላይ ላነጥፈው ስል አባባ ነጠቁኝ።

"እስከዳር፣ አብደሻል? መሬት የተነጠፈ ባና የለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው! ትከሻ ላይ ካልዋለ ውበቱ በምን ይታያል?"

"አባባ፣ ሰው አይግባ ይላል እኮ።"

"እኔ ምን ሰው ነኝ? ባለቤቱ ነኝ እንጂ!"

ለብሰው፣ ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። ፎቶውን ላክሁት፤ "ሰው ይታያል" ተብሎ ተመለሰ። ፊታቸውን ተከናንበው ቆሙ፤ አሁንም ተመለሰ። ለካ የጎማ ጫማቸው ብቅ ብሏል። አባባ እግራቸውን በንቀት አዩትና፣ ማንም ሳይመክራቸው አቡጀዲው ፊት በእጅና በጉልበታቸው ተንበርክከው ባናውን ከላያቸው ጣሉት።

"አሁንስ ሰው አለ?" አሉ ከውስጥ።

እውነት ለመናገር አልነበረም። አንሥቼ ላክሁት፤ ጸደቀ። እልል ልል ስል ዓይኔ ከታች ካለው ጽሑፍ ላይ አረፈ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኛ ጉድ ግን ለፋሲካ ደረሰ። ፎቶ የሚለየው ማሽን አባቴን ከቁም እንስሳት መድቦ፣ "ጥቁር በግ፣ ሞላሌ" ብሎ አውጥቷቸዋል።

ባምላኩ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። አባባ ግን አልሣቁም።

"ማሽኑ ጠጉር ያውቃል" አሉ ኮራ ብለው።

እንዲስተካከል አመለከትኩ፤ ከበዓል በኋላ ይታያል አሉኝ። ከበዓል በኋላማ ምን ሊረባኝ! ስልኬም እረፍት አጣ። አንዱ "ሙክት ነው?" ይላል፤ ሌላው "ላቱ ትልቅ ነው?" ይላል። ባምላኩ የሽመና ቤቱን ለከረንቡላው በክንዱ መለካት ጀመረ።

የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት አንድ ሰው አድራሻችንን ከማስታወቂያው አይቶ ገመድ በእጁ ይዞ መጣ። አዳነ ይባላል፤ በቅርቡ ሞቅ ካለው ዓለም ከተማ ወደ ሞላሌ የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የመንዝን ብርድ በስስ ሸሚዝ ሊችለው ይሞክራል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

"በ-በ-በጉን ላየው ነበር።"

"ወንድሜ፣ በግ አይደለም፤ ባና ነው" አልኩት በሐፍረት።

ሊቆጣ አፉን ሲከፍት አባባ፣ "መጀመሪያ ግባ ልጄ፤ ይህ ብርድ ይገድልሃል" ብለው ባናውን ትከሻው ላይ ጣሉለት። አዳነ የከፈተውን አፍ መልሶ ዘጋ። ቁጭ አለ። ጥቂት ቆይቶ ጥርሱ ጸጥ አለ፤ ፊቱም ሰው ሰው ሸተተ። ከዚያ ስለ በጉ አንዲት ቃል ሳያነሣ ዋጋ ጠየቀና ከፈለ።

"አውልቀውና ልጠቅልልህ" አልኩት።

"ኧረ ምን በወጣኝ!" ብሎ እንደተጀቦነ ወጣ። ገመዱን እንኳ ረስቶት ሄደ።

አባባ ገብተው የሽመና ዕቃቸው ላይ ተቀመጡና፣ "ባምላኩ! ጠጉሩን አምጣና ዘርዝር!" ብለው ጮኹ። ባምላኩ እያጉረመረመ ጠጉሩን ሲዘረዝር ሳየው ደስታዬ ልክ አጣ።

ስልኬ እንደገና ጮኸ።

"በጉ አለ?" አለኝ አንድ ሰው።

"ተሽጧል" አልኩት፤ "ግን ሌላ መሥራት ጀምረናል።"