የቤት ቁጥር አሥራ አራት ምግብ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «የተራበችው» እየተባልኩ ኖሬያለሁ። ተርቤ አላውቅም። ያየኝ ሰው ይመስክር፤ በአንዳንዱ በር የምገባው በጎን ነው።

ነገሩን ያመጣብኝ አንድ አጥኚ ነው። በጸደይ፣ ዝዮቹ ወደ ጄምስ ወሽመጥ በሚመለሱበት ሰሞን፣ ወረቀት ይዞ መንደራችንን ቤት ለቤት ዞረ። ሻይ ሰጠሁት። ቤትዎ ውስጥ ለሦስት ቀን የሚበቃ ምግብ አለ ወይ አለኝ። የለም አልኩት። እውነቴን ነው። ማቀዝቀዣዬ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ዝዩም የአጋዘኑም ሥጋ መንገዱን ተሻግሮ እህቴ ሜሪሮዝ ጋ ነው ያለው። እኛ ክሪዎች፣ የዚህ የሰሜን ካናዳ ነባር ሕዝቦች ዘንድ፣ ይሄ የሚያስገርም ነገር አይደለም። እሱ ስለ ቤቴ ጠየቀኝ፣ እኔም ስለ ቤቴ መለስኩለት።

በዓመቱ መጽሐፍ ሆኖ መጣ። ስሜ የለበትም፤ «ቤት ቁጥር 14፣ ምንም ምግብ የለም» ይላል። ቁጥሩ ግን ቤቴ በር ላይ ተለጥፏል። ከዚያ ወዲህ የአክስቴ ልጅ ሩፐርት በየገናው አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ያመጣልኛል። ያንኳኳና «ለምስኪኗ» ብሎኝ ይሄዳል። አንዱንም አልከፈትኩም።

የመንደሩ ጤና ኮሚቴ አባል ነኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ አይሆንም ለማለት ግን ይበቃል። ከዚያ በኋላ የመጣውን አጥኚ ሁሉ መልሻለሁ።

ዘንድሮ የመጣችው ግን የሩፐርት ልጅ ዳፍኒ ሆነች። ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ የሰዉን ጤናና አመጋገብ ልታጠና ነው። ኮሚቴው ከመንደሩ አንድ ሰው ያስተምራት፣ በቅታለች ብሎም ይፈርምላት አለ። የዝይ አደኑ ሳያልቅ ካልተፈረመላት ዓመቷ ይቃጠላል። ይሄን ብለው ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ተንኮል ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ጥያቄዎቿን አነበበችልኝ። ዘጠነኛው ያው የድሮው ነው፣ ቃል በቃል።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከዚያ መጽሐፍ ነው አክስቴ። ሁሉም የሚጠይቁት እሱን ነው።»

«እንግዲያው ወረቀቱን አስቀምጪና ላባ ንጪ።»

ሦስት ቀን ነጨች። ጣቷ ተላጠ፣ ፀጉሯ ራሱ ዝይ መሰለ። የተነጨውን ለእገሌ አድርሺ፣ ለእገሊት አድርሺ፣ ይሄን ሜሪሮዝ ጋ አኑሪ እያልኩ በየቤቱ ላክኋት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። አባቷ በበረዶ ሞተሩ ባለፈ ቁጥር ዲግሪው የሚሰጠው በላባ ነው ወይ እያለ ይስቅባታል። እሷ ሌላ ዝይ አንስታ መንጨቷን ትቀጥላለች። እዚህ ላይ ወደድኳት።

በአራተኛው ቀን፣ አደኑ ሊያልቅ ሲል፣ በይ አሁን ጠይቂኝ አልኳት። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ቤትዎ ውስጥ ለሦስት ቀን የሚበቃ ምግብ አለ?»

«የለም» አልኩ እንደ ድሮው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም። የለም ብላ ከጻፈች አልፈርምም፣ የልጅቷም ዓመት ሄደ ማለት ነው።

እስክሪብቶውን አነሳች። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ አስቀመጠችውና ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። በመስኮት ስከተላት መንገዱን ተሻግራ ሜሪሮዝ ቤት ገባች። ስትመለስ ጉንጯ በብርድ ቀልቷል።

«አክስቴ፣ የእርስዎ ስም የተጻፈበት አሥራ ዘጠኝ ፌስታል ሥጋ ማቀዝቀዣዋ ውስጥ አለ። ያባቴም ሥጋ እዚያው ነው። ግማሹን ያደረስኩት ደግሞ እኔው ነኝ።» ቁጭ አለች። «ሦስት ቀን ስመላለስ ምን ሳይ ነበር?»

«ላባ።»

ዘጠነኛውን ሰርዛ ሌላ ጻፈችና አነበበችልኝ፦ «ምግብዎ የት የት ነው ያለው? ከማን ከማን ጋር ይበላሉ?» እሱን መልሼ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ ፈረምኩላት። «አስተማሪ» በሚለው መስመር ላይ ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፤ ከሥሩም ማንም ሳይጠይቀኝ ቤት ቁጥር 14 ብዬ ጨመርኩበት።

ሲመሽም አሥራ አንዱን ቆርቆሮ በበረዶ ሸርተቴ ጎትቼ ሩፐርት ደጃፍ ላይ ደረደርኩት። አንኳኳሁ። ሲከፍት «ለምስኪኑ» አልኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።