ምሳ የሄዱት ግንበኞች

ኖርቤርቶ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ እየሮጠ መጣና ከመወጣጫው ሥር ቆሞ ጮኸ። «የግንብ ማንኪያ የያዘ ሁሉ ይደብቅ! የደመወዝ ተቆጣጣሪዋ በሩ ላይ ናት። አካፋ ያዙ፣ መጥረጊያ ያዙ፣ የቀን ሠራተኛ ምሰሉ!»

ላይ የነበሩት ግንበኞች ተያዩ። ዊልመር የሚባለው ቀልደኛ፣ «ምሰሉ ይለናል እንዴ? በወረቀትማ ከሆንን ቆየን!» አለና የግንበኛ ማንኪያውን ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጥ ወሸቀው። ሊሳንድሮ ጓማን ግን አልሳቀም። ከፊቱ ያለው ግድግዳ ገና እርጥብ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የደረደሩት ጡብ መስመሩ አልተሳበም፤ ወሩ ሐምሌ ነው፣ የዚህ አገር ሐምሌ ደግሞ በጋ ነው፤ ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመታዋል። በጡብና በጡብ መሐል ያለው ሲሚንቶ ገና የአውራ ጣት አሻራ በሚይዝበት ሰዓት በብረት ተጨምቆ ካልተሳበ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ያስገባል። ከዚያ ወዲያ ማፍረስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕንፃው ሎንግ አይላንድ ላይ የሚሠራ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። በሕዝብ ገንዘብ በሚሠራ ቤት ላይ ግንበኛ ለአካባቢው በወጣው የግንበኛ ተመን ይከፈለው ይላል ሕጉ። ለቀን ሠራተኛም የራሱ ዝቅ ያለ ተመን አለው። ኩባንያው ታዲያ እነሊሳንድሮን አንድ ሳያስቀር የቀን ሠራተኛ ብሎ ጻፋቸዋ! በዚያ ወረቀት ከሄድን ግድግዳው ዝናብ ሲያገኝ በራሱ የበቀለ ነው። ዓይን ያወጣ ሌብነት ነበር፤ ክራቫት ስላሰረ ብቻ ነው ስሙ የተለወጠው።

ኖርቤርቶ ካቦ ነው። ሊሳንድሮ ከመወጣጫው ሲወርድ ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

«አበልጄ፣ ይስሙኝ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግንበኞቹ ልጆች እርስዎን ነው የሚያዩት። እርስዎ ዝም ካሉ ሁሉም ዝም ይላል።»

«እስከ መቼ አበልጄ? እኛ እኮ ሰው ነን።»

«የደመወዝ ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የኩባንያው ባለቤት ፍሎሪዳ ቁጭ ብሎ ዓሣ ያጠምዳል፤ የምታሰረው እኔ ነኝ። ገባዎት?»

ገብቶታል። ከአገሩ ከካኛር ተራሮች ወርዶ ኩዊንስ ሲደርስ ሶፋውን የለቀቀለት ኖርቤርቶ ነው። ሥራ ያስገባው እሱ፣ ልጁን ማይራን ታቅፎ ክርስትና ያነሳት እሱ። ልጅቷ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ከአባቷ እኩል ወንበር ላይ ያደረውም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ተደርጎ ይከዳል? ሊሳንድሮ አካፋ አነሳ።

ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ አልታግራሲያ አጭር፣ ደልደል ያለች ዶሚኒካዊት ናት፤ ቋንቋቸውን ከነሱ አፍጥና ትናገራለች። ማንንም ሳታናግር በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደች። መስመሩን በጣቷ ነካ አደረገችና ጣቷን አየችው። ግራጫ ሆኗል።

«ይኼን ማነው የሠራው?»

«የሌላ ኩባንያ ግንበኞች ናቸው እመቤቴ» አለ ኖርቤርቶ ፈጠን ብሎ። «አሁን ገና ምሳ ሄዱ።»

«እነዚህስ?»

«እነዚህ?» ኖርቤርቶ ሳቀ። «እነዚህማ ጡብ ቢሰጧቸው ትራስ ያደርጉታል እንጂ ምን ያውቃሉ! ጠራጊዎች ናቸው።»

የሊሳንድሮ ፊት ጋለ። ውሸቱን አብረው የተስማሙበት ነው፤ ሳቁ ግን አመመው።

ሴትዮዋ አንድ ባዶ ባልዲ ገለበጠችና ጥላው ውስጥ ተቀመጠችበት። «ጥሩ ነው። እስኪመለሱ እጠብቃቸዋለሁ።»

«ሊቆዩ ይችላሉ እኮ እመቤቴ።»

«ምን ቸገረኝ? እኔም ምሳዬን ይዣለሁ።» ከቦርሳዋ ክዳን ያለው ሳህን አወጣችና ሩዟን በባቄላ መብላት ጀመረች። አትቸኩልም። እያንዳንዷን ጉርሻ ታላምጣለች፣ ዓይኗ ግን ከሰዎቹ እጅ አይነሳም።

አካፋዎች የተጫረውን ቦታ መልሰው ጫሩ፣ መጥረጊያዎች የተጠረገውን ጠረጉ። ኖርቤርቶ በየመሐሉ ወደ በሩ ያያል፤ የሌሉት ግንበኞች እውነት ከምሳ የሚመጡ ይመስል። ላቡ ከቆቡ ሥር እየወጣ ጆሮው ላይ ይወርዳል።

«ጋሼ ሊሳንድሮ» አለ ዊልመር ወደ ጎኑ ተጠግቶ፣ በሹክሹክታ። «ታችኛው ረድፍ እየነጣ ነው።»

«አይቻለሁ። ጥረግ።»

«መቼ ነው ከምሳ የምንመለሰው ታዲያ?»

«ዝም በል አልኩህ!»

ሊሳንድሮ የሚጠርግ መስሎ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ጀርባውን ለሴትዮዋ ሰጥቶ አውራ ጣቱን መስመሩ ላይ ጫነ። አሻራው ወጣ፣ ግን በጭንቅ ነው። ትንሽ ቢቆይ ይኼም አይኖርም። ዞር ሲል የኖርቤርቶን ዓይን አገኘው። ያ ዓይን ይለምነዋል። ሆስፒታል ውስጥ፣ ማይራ ራስጌ ላይ ያየው ያው ዓይን ነው። ደግሞ ግድግዳውን አየ። የልጆች መጫወቻ አዳራሽ ግድግዳ ነው፣ በገዛ እጁ አንድ በአንድ የደረደረው። አሁን ትራስ ያደርጉታል ተብሎ ተሳቀበት፣ እሱም አካፋ ታቅፎ ሲደርቅ ያየዋል። ተናደደ። በኖርቤርቶ ይሁን በራሱ፣ ለይቶ አላወቀውም።

አካፋውን ጣለው። ድምፁ ሁሉንም አስደነገጠ። መወጣጫው ላይ ወጣ፣ የመስመር መሳቢያ ብረቱን ከከረጢቱ ሥር መዘዘ፣ ከላይኛው ረድፍ ጀምሮ መሳብ ያዘ። ብረቱ ሲሚንቶውን እየጨመቀ ሲሄድ የሚያሰማው ፍጭት ግቢውን ሞላው።

«እንግዲህ ተመለስን መሰለኝ» አለ ዊልመር፤ መጥረጊያውን አስቀምጦ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ወይዘሮ አልታግራሲያ ሳህኗን ከደነች። ከመወጣጫው ሥር መጥታ ቀና አለች።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ግንበኛ ነኝ» አለ ሊሳንድሮ እጁን ሳያቆም።

«አካፋ ያዝ ያለዎት ማነው?»

እጁ ቆመ። ሁሉም እጅ ቆመ። ባለቤቱ ነው ቢል የሚቃወመው አልነበረም። ግን ያ ሰውዬ እግሩ ይኼን ግቢ ረግጦ አያውቅም፤ ይኼን ደግሞ ሴትዮዋም አታጣውም። አንዴ ከዋሸ ግንበኛ ነኝ ያለውንስ ማን ያምነዋል? ልጆቹ ደግሞ እሱን ነው የሚያዩት። ከታች ኖርቤርቶ ራሱን በጥቂቱ ነቀነቀ፤ አይሆንም፣ አያድርጉት እያለው ነው።

«ካቦው ነው» አለ ሊሳንድሮ። «ኖርቤርቶ ኪሽፒ።»

ሴትዮዋ ጻፈች። እያንዳንዳቸውን ለብቻ እየጠራች አነጋገረች፣ ኖርቤርቶን ከሁሉም በላይ አቆየችው። ቢሮዋ እንዲቀርብ ቀጠሮ ሰጥታው ሄደች።

ግድግዳው ግን አላለቀም ነበር። ሊሳንድሮ ወርዶ ተንበርክኮ ቢሞክረውም የታችኛው ረድፍ ደርቆ ብረት አላስገባ ብሏል። ኖርቤርቶ ካቦ ከመሆኑ በፊት ግንበኛ ነበር። ቆቡን አውልቆ ጣለ፣ ብረት አነሳ፣ ከሊሳንድሮ አጠገብ ተንበረከከና ሥራ ጀመረ። ትከሻ ለትከሻ ሆነው የደረቀውን መስመር ፈገፈጉ። ሊሳንድሮ እንዲሰድበው ፈለገ፤ ቢመታው ደግሞ የበለጠ በወደደ ነበር።

«ሊሳንድሮ» አለ ኖርቤርቶ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከጡቡ ሳያነሳ። «ውሃ አምጣ፣ ይኼ ሳይርስ አይሳብም።»

በነሱ አገር ከክርስትናው ቀን ጀምሮ እስከ መቃብር አበልጅ አበልጁን በስሙ አይጠራም፣ አንተ ብሎም አያናግረውም። ሊሳንድሮ ተነሳ። እሺ አበልጄ ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ለሴትዮዋ ስሙን ሲጠራ ያን ቃል ቀድሞ የጣለው እሱ ራሱ ነው፣ ያውም በሰው ፊት።

«እሺ፣ ኖርቤርቶ» አለና ባልዲውን ይዞ ሄደ።