በወፍ ከረጢት የተሰቀለው ፕሮሰሰር

የወፍ ጣቢያችን ሰርቨር፣ ድምፅ የሚለይልን ትልቁ ኮምፒውተር፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። በምንኖርባት ደሴት ላይ የተከልናቸው ማይክሮፎኖች በአንድ ሌሊት የቀዱትን የወፍ ድምፅ ለይቶ ለመጨረስ ሠላሳ አንድ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ውጤቱ ሲደርሰን ወፎቹ ባሕሩን ተሻግረው ሄደዋል።

የጣቢያው አንጋፋ ወፍ ቆጣሪ ጉድቬግ ለማሽኑ ግድ አልነበራትም። ከወጣትነቷ ጀምሮ በየጸደዩ ከባሕር መብራት ማማው ሥር ቆማ የሚያልፉትን ወፎች በጆሮዋ ትቆጥራለች። ባለፈው ዓመት በረዶው ሳይወርድ ግን፣ የወፎች ንጉሥ የምንላት አውራ ጣት የምታክል ወፍ ከራሳችን በላይ ጥዱ ላይ ሆና ስትጮኽ፣ ጉድቬግ ደብተሯ ላይ ምልክት አላደረገችም።

"ስንት ቆጠርሽ?" አልኳት።

"ምኑን?"

የሩቅ ማያ መነጽሬን ሰጥቻት የወፏን ምንቃር አሳየኋት። ሲከፈትና ሲዘጋ አየች። ከዕድሜ ጋር መጀመሪያ ከጆሮ የሚጠፋው እንዲህ ያለው ቀጭን ድምፅ ነው።

"ያልሰማሁትን አልጽፍም" አለች። "ማሽንህ ይስማልኝ። ግን ወፏ ገና ደሴቱ ላይ ሳለች ይንገረኝ፤ ሄጄ በመረብ አረጋግጣለሁ። ይህን ካልቻለ ቆጠራዬን አቆማለሁ።"

የጸደዩ ፍልሰት ሊጀምር ሲል፣ ያገለገለ ግን ፈጣን ፕሮሰሰር፣ የማሽኑ አንጎል የሆነው ክፍል፣ ከበርገን ከተማ በጀልባ መጣልኝ። የጀልባ ሞተርና ሬዲዮ የሚጠግነው፣ ወፍ በመያዝም የሚያግዘን ጎረቤታችን ቶርላይፍ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ገጠመና ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያዎቹ ጮኹ። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

"ሞቷል" አለ ቶርላይፍ። "የሸጠልህ ሰውዬ የሸተተ ዓሣ ነው ያሸከመህ።"

"አንብባችሁታል?" አለች ጉድቬግ ከምድጃው አጠገብ።

"ምን ብለን እናነበዋለን? ወፍ አይደለ!" አለ ቶርላይፍ።

በጣቢያችን፣ በወፍ እግር ላይ የታሰረ ቀለበት ቁጥር ሳይነበብ ወፏ አትለቀቅም። አንዱ ከቀለበቱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ከወረቀቱ ይደግማል። ጉድቬግ ማጉያ መነጽሩን ለቶርላይፍ አቀበለችው። እያጉረመረመ ፕሮሰሰሩን አውጥቶ ቁጥሩን አነበበ፤ እኔ ከሰርቨሩ መመሪያ ደገምኩ። ልክ ነው። ከቁጥሩ ጎን ግን፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚያሠራው የመነሻ ፕሮግራም ሦስተኛው እትም መሆን አለበት ይላል።

"የእኛስ ስንተኛው ነው?" አለች።

ቶርላይፍ የሰርቨሩን ክዳን ገልብጦ ከውስጥ የተለጠፈውን ወረቀት አየ። "አንደኛው።"

ስለዚህ አልሞተም። ማሽኑ አላወቀውም፣ በቃ። ፕሮግራሙን ለማደስ ግን ማሽኑ መነሳት አለበት፤ የሚነሳው ደግሞ በአሮጌው ፕሮሰሰር ብቻ ነው።

"አሮጌውን የት አደረግከው?" አልኩት።

ቶርላይፍ ዙሪያውን አየና ግድግዳው ላይ ወዳለው ማንጠልጠያ በአገጩ አመለከተ። ከመረብ የተያዙ ወፎች ተራ የሚጠብቁባቸው የጨርቅ ከረጢቶች እዚያ ነው የሚሰቀሉት። አንደኛው ትንሽ ወደ ታች ተወጥሯል።

"እጄ ለምዶብኝ ነው" አለ።

"ለካስ ወፍ ኖሯል!" ብላ ጉድቬግ ሳቋን ለቀቀችው።

አሮጌውን መለስን፤ ስክሪኑ በራ። ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ሦስተኛውን እትም ስሰጠው ማሽኑ አልቀበልም አለ።

"አስገድደው" አለ ቶርላይፍ።

"አንተ የሞተር ነገር ነው የምታወራው" አልኩትና ወደ መመሪያው ተመለስኩ። ከአንድ ወደ ሦስት መዝለል አይቻልም፤ በሁለተኛው ማለፍ ግድ ነው። በመሀል መብራት ከጠፋ ማሽኑ ዳግም አይነሳም። የጣቢያው ፊውዝ ደካማ ስለሆነ የውሃ ማሞቂያውን አጠፋን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውንም አጠፋን። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው ገባ። አርፎ መቀመጥ የማያውቀው ቶርላይፍ እስኪያልቅ ድረስ እጆቹን ታፋው ሥር ከቶ ተቀምጦ ነበር።

አዲሱን ገጠምን። ስክሪኑ ላይ ስሙና ቁጥሩ ወጣ።

"አንብቡት" አለች ጉድቬግ። አነበብኩ፤ ቶርላይፍ ሳይነጫነጭ ደገመ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ መረቦቹ ገና ሳይጠቀለሉ፣ ውጤቱ ወጣ። የወፎች ንጉሥ ድምፅ ተሰምቷል፤ ሁሉም በሰሜኑ ማይክሮፎን። ጉድቬግ ወደ ሰሜኑ መረብ ሄደች፤ ተከተልኳት። ሦስት ተይዘዋል። አንዷን ፈትታ ጆሮዋ ሥር ያዘቻት። የወፏ ምንቃር ተከፈተ።

"ምንም" አለች ጉድቬግ፤ ፊቷ ግን ፈክቷል። የወፏን እግር በቀለበት አስራ አቀረበችልኝ። "ና፣ ቀለበቷን አንብብልኝ፤ ልጽፋት ነው።"

ሰርቨሩ ያንን ሌሊት ለይቶ የጨረሰው በአራት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ነው።