የሹፌር ዓይን ከፍታ

ለመስቀለኛው መንገድ ምን ዓይነት ምልክት ይገባዋል የሚለውን ለመወሰን የሰፈሩ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት በመዋዕለ ሕፃናቱ ክፍል ተሰበሰቡ። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለነበሩ ትልልቆቹ ሰዎች ጉልበታቸውን ከአገጫቸው አገናኝተው እንደ ተቀጣ ተማሪ ተደርድረዋል። ቆማ የቀረችው ከመንገዶች መሥሪያ ቤት የመጣችው ኢንጂነር ብቻ ነበረች። የለበሰችው ጠባብ ግራጫ ጉርድ ለዚያ ወንበር አይመችም፤ ደግሞም የቆመ ሰው አስረጂ ይመስላል፣ የተቀመጠ ተጠያቂ።

እንግዳ አይደለችም፤ የዚሁ ሰፈር ልጅ ናት። ያሳደገቻት አክስቷ፣ ከመንገዱ ጥግ ያለው በጥድ የታጠረ ቤት ባለቤት፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ በኩራት ታያታለች። ኢንጂነሯን ከሁሉ ይልቅ የከበዳት ይህ ኩራት ነበር። ቢሰድቧት ይቀልላት ነበር።

የተሰበሰቡበትን ምክንያት የማያውቅ የለም። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ለደንበኛ የሚያደርሱትን ልብስ በብስክሌታቸው ጭነው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከጎን መንገድ የወጣች አሮጌ ታክሲ መታቻቸው። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። የልብስ ስፌት መኪናቸውን ፔዳል የሚረግጡበት እግር ነው። የታክሲዋ ሹፌር ደግሞ ማንም ያልጠረጠራቸው ሰው ሆነው ተገኙ፤ ጋሽ ኤሊ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ሲነዱ ከሦስተኛ ማርሽ ያለፉበትን ቀን ያየ ሰው የለም።

«እኔ የምለው፣» አለ ባለሱቁ፣ «የምን ምልክት ነው የምንመርጠው? ምልክትማ ተተክሏል፤ ቅድሚያ ስጥ ይላል። ጥፋቱ የዓይን ነው። የጋሽ ኤሊ ዓይን ደክሟል። ይህን ለመናገር መማር አያስፈልግም።»

«አፍህን ሰብስብ!» አለች አክስቷ። «እኚህ ሰው በዕድሜያቸው አንዲት ዶሮ ገጭተው አያውቁም።»

«ዶሮዎቹ ናቸዋ ቀድመዋቸው የሚያልፉት።»

ክፍሉ ሳቀ። ጋሽ ኤሊም ከኋላ ረድፍ ሊስቁ ሞከሩና ከንፈራቸው አልታዘዝ አላቸው።

ስብሰባውን የምትመራው ፋርማሲስት በእርሳስ ጠረጴዛውን መታች። «ቀልዱን ለሱቅህ አስቀምጠው። ሁለት ሐሳብ ቀርቦልናል፤ አንደኛው በአራቱም በኩል ቁም የሚል ምልክት ይተከል ይላል፤ ሁለተኛው ያለው ይበቃል፣ ታክሲዎች ብቻ ወደ ሰፈር አይግቡ ይላል። ከመወሰናችን በፊት ግን ጥናቱን እንስማ። ኢንጂነር፣ እስቲ ቅጹን አንብቢልን።»

ኢንጂነሯ ቅጹን ከአቃፊው አወጣች። የራሷ ጽሑፍ ነው፤ የተስተካከለ፣ አንድም ስርዝ ድልዝ የሌለበት። «በአክስቴ... በጥጉ ቤት በኩል ባለው ማዕዘን፣» ብላ ጀመረች፤ «እይታ፦ ክፍት። ርቀት፦ አርባ አምስት ሜትር። ውሳኔ፦ ቅድሚያ ስጥ።»

«ይኸው!» አለ ባለሱቁ።

ቅጹን ካጠፈችው በኋላም ጣቶቿ ከወረቀቱ አልላቀቅ አሉ።

ያን ቅጽ የሞላችው ከአራት ወር በፊት ነበር። ሥራው ከባድ አይደለም። በጎን መንገድ ላይ «ቁም» ይተከል ወይስ «ቅድሚያ ስጥ» የሚለውን የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሹፌሩ መገናኛው ሳይደርስ በዋናው መንገድ የሚመጣውን ያየዋል ወይስ አያየውም? ካየው ፍጥነቱን ቀንሶ ማሳለፍ ይበቃዋል። ካላየው ግን እስከ መስመሩ ሄዶ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ግራ ቀኙን ማየት አለበት። ይህን ለማወቅ መለኪያው አንድ በትር ነው። ከመሬት አንድ ሜትር ከስምንት ሳንቲ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ በትንሽ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሹፌር ዓይን ከፍታ መሆኑ ነው። መሐንዲስ በትሩን አቁሞ ቁጢጥ ይላል፤ ዓይኑን ከቀዩ ቀለም ያስተካክላል፤ ያያል። ይኸው ነው።

ያን ቀን ግን አዲሱን ግራጫ ጉርድ ለብሳ ነበር። ከልኬቱ በኋላ አክስቷ ለጎረቤቶቿ ልታሳያት ቀጥራታለች፤ «በሥራ ልብስ እንዳትመጪብኝ» ብላም አስጠንቅቃታለች። ጉርዱን የሰፉላት እኚሁ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሲያስረክቧት፣ «ይኼ ለመቆም የተሰፋ ነው ልጄ። ቁጢጥ ብለሽበት ስፌቱ ቢተረተር እንዳትወቅሺኝ» ብለው ቀልደው ነበር።

በትሩን ከጥዱ አጥር ፊት ለፊት ባለው የጎን መንገድ ላይ አቆመች። ጉልበቷን ገና እጥፍ ስታደርግ ጨርቁ ጭኗ ላይ ተወጠረ። ይህኔ ባለሱቁ ከደጃፉ፣ «ኢንጂነር! ምን ጠፋሽ? መርፌ ከሆነ ሰፈሩን ሰብስበን እንፈልግልሽ!» ብሎ ጮኸ። በየበሩ ቆመው የነበሩ ሴቶች በእጃቸው አፋቸውን ከልለው ሳቁ። ክፋት የለበትም፤ ያሳደጓት ሰዎች ሳቅ ነው። እሷ ግን ጆሮዋ ድረስ ነደደች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ተመርቃ፣ በሰፈሯ ሰው ፊት አስፋልት ላይ ቁጢጥ ማለት! ቀና አለች። ቆማም አየች። ጥዱ ደረቷ ድረስ ስለነበር ከላዩ ቁልቁለቱ እስከ መብራት ምሰሶው ድረስ እንደ እጅ መዳፍ ተዘርግቶ ታያት። «ክፍት» ብላ ጻፈች። በቀሩት ሦስት ማዕዘኖችም እንዲሁ ቆማ ለካች። ከዚያ አክስቷ ቤት ገብታ የጎረቤቶቹን ምርቃት ተቀበለች።

የልብስ ሰፊውን አደጋ የሰማች ቀን ቀድሞ የታያት ያ ቀይ ቀለም ነው። ሐኪም ቤት ሄዳ ስትጠይቃቸው እግራቸው በጀሶ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ሕመማቸውን ትተው ጉርዷን አዩና፣ «እስካሁን አልተተረተረም? ጥሩ እጅ ነበረኝ እኮ» አሏት። ነበረኝ ማለታቸው ሳምንት ሙሉ ከጆሮዋ አልወጣም። እዚያው ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን «እግዜር ይማርዎ» ብቻ ሆነ።

«ከኋላ እጅ ወጥቷል፣» አለች ፋርማሲስቷ። «ጋሼ፣ ይናገሩ።»

ጋሽ ኤሊ ተነሡ። ከትንሿ ወንበር ለመነሣት ሁለት ጊዜ መሞከር ነበረባቸው። ኢንጂነሯ፣ እሳቸው በለቀቁት ፋንታ ይመስል፣ ከአጠገቧ ባገኘችው የሕፃን ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ዝቅታ በፊት ረድፍ ከተቀመጡት ሰዎች በቀር የሚታያት አልነበረም። የሽማግሌውን ድምፅ ብቻ ሰማች።

«ብዙ አልናገርም፣» አሉ ጋሽ ኤሊ። «ያን ቀን ቀንሼ ነበር። አየሁ። ሰው አልነበረም። ከዚያ ነበረ። የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ደህና ነህ አለኝ። ወረቀቱ ደግሞ ክፍት ነው ይላል። ታዲያ ሁለቱም ልክ ከሆኑ ያልታየኝ ምንድን ነው? ሐኪሙ አንድ ቀን ነው ያየኝ። ወረቀቱን የሞላችው ግን የኛው ልጅ ናት፣ የተማረች፣ በመሣሪያ የለካች። ከሐኪሙ እሷን አምናለሁ። ሰኞ መንጃ ፈቃዴን እመልሳለሁ። ሌላ ሰው ሳልጎዳ።»

አክስቷ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ኢንጂነሯ ተነሣች። «ምናልባት... እይታውን እንደገና ማስጠናት ይቻላል፣» አለች። ቃሉን የመረጠችው እንደ ልማዷ ነበር፤ እውነት ነው፣ ግን እውነቱ አይደለም። «መሥሪያ ቤቱ ሌላ ባለሙያ ቢልክ...»

«አትጨነቂ ልጄ፣» አሏት ጋሽ ኤሊ በርኅራኄ። «አንቺ ምን አጠፋሽ? የራስሽን ሥራ ሠርተሻል።»

ርኅራኄው ነው የሰበራት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር፤ መሬት ግን እንዲህ ላለው ነገር አትከፈትም።

«ቁጢጥ አላልኩም፣» አለች።

«ምን አለች?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ቁጢጥ አላልኩም ነው የምትለው፣» አለ ባለሱቁ። «እና ቁጢጥ አለማለት ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው?»

«የሚለካው በተቀመጠ ሹፌር ዓይን ነው፤ በትሩም ለዚያ ነው የተሠራው። እኔ ግን ቆሜ ነው ያየሁት። ጉርዴ ጠባብ ነበር፤ እናንተም ስታዩኝ ነበር፤ አፈርኩ። የቆመ ሰው በጥዱ ላይ አሻግሮ ያያል። የተቀመጠ ሹፌር ያያል አያይም፣ አላውቅም። አላረጋገጥኩም። ክፍት ብዬ የጻፍኩት ሳላረጋግጥ ነው።»

ባለሱቁ አንገቱን ደፋ፤ ያን ቀን ምን ብሎ እንደጮኸ ትዝ ብሎት ይሆናል። ኢንጂነሯ አክስቷን አየቻት። ጠዋቱን ሙሉ የከበዳት ኩራት ከአክስቷ ፊት ላይ ጠፍቷል፤ እንዲቀልላት የተመኘችው ሸክም ሲነሣ ይበልጥ ከበዳት።

«እንውጣ፣» አለች ፋርማሲስቷ በመጨረሻ። «ወሬ ከምንሰማ እንየው።»

መስቀለኛው መንገድ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ሃምሳ እርምጃ ነው። ኢንጂነሯ በትሩን ከመሥሪያ ቤቱ መኪና አውጥታ ከአራት ወር በፊት ያቆመችበት ቦታ አቆመችው። ሕዝቡ ዙሪያዋን ከበበ። ያኔ ከየበሩ ነበሩ፤ አሁን ከክንድ ርቀት ናቸው። ተንበረከከች። ከጉርዱ ጎን ስፌቱ ትርትር ሲል ሁሉም ሰማው። የሳቀ አልነበረም፤ ቢስቁ ይሻላት ነበር። ጉንጯን ከበትሩ አስጠግታ ዓይኗን ከቀዩ ቀለም አስተካከለች።

«ምን ይታይሻል?» አሉ ጋሽ ኤሊ።

«ቅጠል፣» አለች። «ጥድ ብቻ።»

«ቆይ፣ አንድ ሰው በብስክሌት ይውረድ፣» አለ ባለሱቁ፤ ከሱቁ ደጃፍ የራሱን አምጥቶ ሽቅብ ገፋው። ከመብራት ምሰሶው ተነሥቶ ወረደ። ዙሪያዋን የቆሙት ሁሉ አዩት። ኢንጂነሯ ያየችው ከጥዱ ጫፍ ሲወጣ ነው፤ መገናኛው ለመድረስ አንድ እስትንፋስ ያህል ሲቀረው፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

«እርስዎም ይዩት፣» ብላ ቦታውን ለቀቀች።

ጋሽ ኤሊ ጉልበታቸውን ይዘው ከበትሩ አጠገብ ቀስ ብለው ዝቅ አሉ። ባለሱቁም በብስክሌቱ ከላይ እንደገና ወረደ።

«ያን ቀን ያየሁት ይኸው ነው፣» አሉ። ከዚያ ሳያዩዋት፣ «ሦስት ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ አንድ ዓይኔን እየጨፈንኩ ራሴን ስፈትን ነበር። ማታ ማታም ጋዜጣ ከሩቅ እያነበብኩ፣ ልክ ነኝ ወይ እያልኩ ሚስቴን ስጠይቃት ነበር። ሦስት ሳምንት፣ ልጄ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣» አለች።

ጋሽ ኤሊ ተነሥተው የሱሪያቸውን ጉልበት አራገፉ። ይቅርታ ቢኖርም ዛሬ እንዳልሆነ ገባት።

«እና ምን ይተከል?» አለች ፋርማሲስቷ፣ እርሳሷን አንሥታ።

«በዚህ በኩል ቁም። መስመሩም ከጥዱ ጫፍ አልፎ ይሰመር። ዛሬ የተናገርኩትን ደግሞ ጽፌ ለመሥሪያ ቤቴም ለትራፊክ ፖሊስም እሰጣለሁ። የጋሼ ዓይን ምንም የለበትም።» በቅጹ ላይ «ክፍት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘች፤ ከጎኑ «ዝግ» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች። በቅጹ ላይ የመጀመሪያው ስርዝ ነበር። ለልብስ ሰፊው የሚሆን ግን ከወረቀቱ ላይ የሚሰረዝም የሚጻፍም አላገኘችም፤ እሳቸው ዘንድ ዛሬውኑ በእግሯ መሄድ አለባት።

አክስቷ ቀረብ አለችና የተተረተረውን ጎን በነጠላዋ ሸፈነችላት። ፊቷ ገና አልተፈታም፤ እጇ ግን አልጨከነም። «አጥሩን ዛሬ አስቆርጠዋለሁ። በቃ ነይ ልጄ፣ ቤት ግቢና ልብስ ቀይሪ። ሰው እያየሽ ነው።»

«እያየኝ ነው፣» አለች ኢንጂነሯ። ነጠላውን አጥፋ መለሰችላት። «ሦስቱ ማዕዘኖች ይቀሩኛል።»

በትሩን ይዛ ወደ ሁለተኛው ማዕዘን ተሻገረች፤ እዚያም በሁሉም ፊት ተንበረከከች። የርቀት መለኪያውን ሜትር ጫፍ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ማንንም ለመጠየቅ ግን አፍ አልነበራትም። ሜትሩን መሬት ላይ አስቀምጣ ብቻዋን ልትጎትተው ስትል ጫፉ ተወጠረ። ቀና ብላ አየች። ጋሽ ኤሊ ናቸው፤ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ዓይናቸውን ከዓይኗ አሽሽተው፣ ጫፉን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ቁልቁለቱ ይራመዳሉ፤ እንደ ልማዳቸው፣ በጣም ቀስ ብለው።