የእንስራዋ እፉኝት

ፉ... ይላል። ዝም። ደግሞ ፉ...፤ ማዶ ሰፈር አንጥረኛ ወናፍ የሚነፋ ይመስል። ድምፁ የሚመጣው ከጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ከዕቃ ቤቱ ነው። በሩን ከመክፈቴ በፊት ሁልጊዜ ምራቄን ሁለቴ እተፋለሁ።

ውስጥ ያለችው እፉኝት ናት፤ አፉ በሽቦ ወንፊት በታሰረ እንስራ ውስጥ። ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ደብረ ማርቆስ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ፍኖተ ሰላም የመጣሁት ጸሐፊ ልሆን ነበር፤ የደረሰኝ ግን አይጥ በጭራው አንጠልጥሎ ለእባብ መጣል ሆነ። ሽታዋ ጣቴ ላይ ስለሚቀር እንጀራ ስቆርስ ይመጣብኛል።

ያመጧት ጋሽ ላቀው የሚባሉ የቡሬ ገበሬ ናቸው። በኅዳር፣ ትልቋ ልጃቸው አቻምየለሽ በርበሬ ስትለቅም እፉኝት ነደፈቻት። ሐኪማችን ዶክተር ክንፈሚካኤል ያላቸውን መድኃኒት ወጓት፤ ግን ከሌላ አገር እባብ መርዝ የተሠራ ነበርና ምንም አልፈየደም። እግሯ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ ፈነዳ። ጨርቁን ስፈታ አብሮ ይወርድ የነበረውን አልጽፈውም። ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ።

ዶክተሩ ያኔ ለአባትየው ነገሯቸው። "የየአገሩን እባብ መርዝ ለፈረስ በጥቂት በጥቂቱ ቢወጉት፣ ከፈረሱ ደም የሚገኘው መድኃኒት ለሁሉም ይሆናል። የዚህ አገር እፉኝት መርዝ ግን እስካሁን አልገባበትም። መርዟ ያለው ጭንቅላቷ ላይ ነው፤ ሰው ደግሞ ጭንቅላቷን ጨፍልቆ ነው የሚያመጣልኝ።"

 በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ላቀው እንስራ አዝለው መጡ። ወንድ እንስራ ሲያዝል ያየ ገበያተኛ ሁሉ ከኋላቸው ይስቃል።

"በሕይወት ናት" አሉኝ። "ቢር ሸለቆ ወርጄ በባላ እንጨት ያዝኳት። የንስሐ አባቴ ጠላታችንን አዝለህ ትዞራለህ ብለው መስቀል ነሱኝ። ሚስቴማ ከእንስራው ጋር እደር ብላ በር ዘጋችብኝ።"

"ምነው ጋሼ፣ ይህን ሁሉ?"

"ታናሿ ማሚቱ አለች። በርበሬው ገና አልተለቀመም፣ ሌላ እጅ የለኝም። አደራ፣ ተማሪው።"

ዶክተሩ ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ ሊወስዷት ተነጋገርን።

ማክሰኞ ጠዋት ፉ ማለቷ ቀረ። በወንፊቱ አየሁ። የእንስራው ወለል ይርመሰመሳል። ንፍጥ የለበሱ፣ ጣት የሚያህሉ፣ እርስ በርስ የተጠላለፉ፤ ሠላሳ ይሆናሉ። እናቲቱ ከሥራቸው አትንቀሳቀስም። የእፉኝት ልጅ የእናቷን ሆድ ቀዳ፣ ገድላ እንደምትወለድ የማያውቅ የለም፤ ቄሱ ይሰብኩታል፣ እናቴም ስትቆጣ የምትሰድበኝ በዚያው ነው። እንግዲህ እናቲቱ ሞታለች፣ የቀረው ይህ ጉድ ነው አልኩ። መርፌ በምንቀቅልበት ድስት ሙሉ የፈላ ውሃ አምጥቼ ገለበጥኩባቸው።

የዶሮ ሥጋ ሸተተ። እሱ ነው ያስመለሰኝ።

እንስራውን ጓሮ ደፋሁት። እናቲቱ መጨረሻ ወጣች፣ ክንዴን ታህላለች። በእንጨት ገለበጥኳት፤ ሆዷ አልተቀደደም። መልሼ ገለበጥኳት። የትም አልተቀደደም። ጭራዋ ገና ይንቀጠቀጣል። ወልዳ፣ ደክሟት ተኝታ ኖሯል።

እጄን በሳሙና ሦስቴ ታጠብኩ። ሽታው አልለቀቀም፤ በገዛ እጄ ፊቴን ማበስ ቀፈፈኝ።

ረቡዕ ጋሽ ላቀው መጡ። በቅል ሁለት አይጥ ይዘዋል።

"ስንቋ ነው" አሉ። "መንገዱ ሩቅ ነው ብዬ።"

ነገርኳቸው። የሞተች መስሎኝ ነው እስከምለው ድረስ አላቋረጡኝም።

"ስንት ወለደች?"

"ሠላሳ ያህል።"

"ቢያድጉ እነሱም መርዝ ይሰጡ ነበር?"

"ይሰጡ ነበር፣ ጋሼ።"

እንስራውን አንስተው ውስጡን አሸተቱ። ፊታቸውን አላዞሩም፤ እኔ ነኝ ያዞርኩት። ቅሉን እግሬ ሥር አስቀመጡት፤ አይጦቹ ውስጡን ይቧጥጣሉ። ከዚያ እንስራውን በገመዱ አዘሉና የቡሬን መንገድ ትተው ወደ ቢር ሸለቆ በሚወርደው ቁልቁለት ሄዱ።