ለወንድሟ የነገረችው

ማሬ ወንድሟን ይሻውን በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው። እናታቸው ስትሞት ገና ጥርስ አላበቀለም ነበር። ደብረ ታቦር ገብቶ ሕክምና መማር ሲጀምር፣ ከገሳይ በታች ያለው መንደራቸው ሁሉ «የማሬ ልጅ ሐኪም ሊሆን ነው» አለ እንጂ ወንድሟ መሆኑ ትዝ ያለው አልነበረም።

ሕክምናውን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ሌላ የዶክትሬት ትምህርት ደረበበት። የማሬ ባል ደሞዜ ነገሩ ግር አለው።

«ዶክተር ልትሆን አይደል የገባኸው? በዶክተር ላይ ደግሞ ዶክተር ምን የሚሉት ነው?»

ይሻው ሳቀ። «ጋሼ ደሞዜ፣ አንደኛው የታመመውን ማከም ነው። ሁለተኛው ደግሞ የታመመው ሰው ለምን ሐኪም ዘንድ እንደማይደርስ፣ ቢደርስስ ለምን በወጉ እንደማይታከም ማጥናት ነው። ሁለቱን አጣምሬ ነው የምማረው።»

«እሱንማ እኔ ልንገርህ! አምቡላንሱ ስለማይመጣ ነዋ!»

ማሬ አቀርቅራ ወደ ጓዳ ገባች።

ደሞዜ ይህን ያለው አንጀቱ አርሮ ነው። በከተራ ዕለት እሱ ታቦት ሸኝቶ ወንዝ ዳር ሳለ ማሬን ምጥ ያዛት። መንታ ተገላገለች፤ ሁለቱም ሳያለቅሱ ቀሩ። ሲመለስ «አምቡላንሱ ቀረ» ብላ ነገረችው። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩን ታደሰን ዓይንህን ላፈር አለው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ቢገናኙ ፊቱን ያዞርበታል።

ይሻው ለጥናቱ እናቶችን ሲጠይቅ ከርሞ በመጨረሻ እህቱ ዘንድ መጣ። ደሞዜ እርሻ ወርዷል። ማሬ ገብስ እያበጠረች ነበር።

«እታለም፣ እውነቱን ንገሪኝ» አላት አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ። «ከእኔና ከአንቺ አይወጣም። የእናታችን አጥንት ይፋረደኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሸኝታው ነበር። ለእሱ ግን ነገረችው። የመጀመሪያ ልጇን ጤና ጣቢያ ልትወልድ ሄዳ ምጡ ሲያስጮኻት አዋላጇ በጥፊ መታቻት። «ስታረግዢ መች እንዲህ ጮኽሽ?» ብላም በሰው ፊት አዋረደቻት። በከተራው ዕለት ጎረቤቷ አሰለፈች አምቡላንስ ልትጠራ ስልክ ስታነሣ እጇን ጭምቅ አድርጋ የያዘቻት ማሬ ራሷ ናት። «ያ እጅ ዳግመኛ ከሚነካኝ እዚሁ ልሙት» አለቻት። አምቡላንሱ ያልመጣው ስላልተጠራ ነው።

ይሻው አብሯት አለቀሰ። ማሬም ከትከሻዋ ላይ አንዳች ሸክም የወረደላት መሰላት።

ጥናቱ ደብረ ታቦር በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሲቀርብ ባልና ሚስቱም ተጠሩ። ከመንደሩም የቀበሌው ሊቀ መንበርና ሌሎችም መጥተዋል። ይሻው ሙሉ ልብስ ለብሶ ከፊት ቆመ። ደሞዜ ያጠገቡን ሰው እየጎነተለ «የእኛ ልጅ ነው» ይል ነበር።

«ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት እናት አለች» አለ ይሻው። «ከገሳይ በታች ትኖራለች። በከተራ ዕለት መንታ ልጆች ሞተውባታል።»

ማሬ ጆሮዋን አላመነችም። ጥፊውን ተናገረ። ስልኩን ተናገረ። የገዛ ቃሏን፣ «ያ እጅ ዳግመኛ ከሚነካኝ» ያለችውን፣ ቃል በቃል አነበበው። «ባሏ ግን እስከ ዛሬ አምቡላንሱ የቀረ ይመስለዋል» ሲል አዳራሹ በሐዘን አጉረመረመ።

ከመንደሯ የመጡት ሰዎች አንድ በአንድ ዞረው አዩዋት። ደሞዜ ብቻ አልዞረም። ፊት ለፊቱን እንዳየ ደርቆ ቀረ።

ጭብጨባው ሲያበቃ ይሻው በረንዳው ላይ ደረሰባት። «እታለም፣ ስምሽን እኮ አልጠራሁም።»

«በእኛ አገር በከተራ ዕለት መንታ የሞተበት ስንት ሰው አለ? ገመናዬን ባደባባይ አሰጣኸው።»

«ለሌሎች እናቶች ብዬ ነው። ያለ አንቺ ቃል ማንም አይሰማኝም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አስቀድመህ አልጠየቅኸኝም?»

 «እምቢ ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አለ።

ከሁሉም የቆረጣት ይህ ነው። አውቆ ነው ያደረገው። «እኔ የነገርኩት ለወንድሜ ነበር» አለችውና ጥላው ሄደች።

 ቤታቸው ከገቡ በኋላ ደሞዜ «ያን ሰው ስረግመው ቁጭ ብለሽ ሰማሽኝ» አላት።

«ፈርቼ ነው።»

«እኔን?»

«አንተንም፣ ራሴንም።»

በማግሥቱ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ታደሰ እግር ላይ ወደቀ። ከማሬ ጋር ግን ለመነጋገር ክረምቱን ሙሉ ፈጀበት። አንድ ቀን ገብስ ሲያርሙ ቀና ሳይል «ልጆቹን አንቺ አልገደልሻቸውም። ለእኔ ግን መንገር ነበረብሽ» አላት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ አለቀሰች።

ይሻው ሁለቱንም ትምህርት ጨርሶ ተመረቀ፤ ማሬ ምርቃቱ ላይ አልተገኘችም። ከጥናቱ ወዲህ በጤና ጣቢያው ማንም እናት እንደማትሰደብ ሰማች። የአሰለፈች ልጅ እዚያ ወልዳ በደህና ስትመለስም ከልቧ እልል አለች። ቁስሏ ግን አልሻረም።

በመጨረሻ ይሻው ራሱ መጣ። ማሬ ደጃፉ ላይ ስታየው ብድግ አለች፤ መደቡን ጠርጋ አጎዛ አነጠፈችለት።

«ዶክተር፣ ይግቡ፤ ይቀመጡ» አለችው።

«እታለም! እኔን ነው አንቱ የምትይኝ?»

«ይቀመጡ እንጂ፤ መንገዱ አድክሞዎታል።»

ተቀመጠ። ጠላ ቀዳችለት፣ ምሳ አቀረበችለት። በለሆሳስ «ኑሮ እንዴት ነው? አንቺስ ደህና ነሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው። ሌላ የነገረችው የለም።