ምሳ ሰዓት ላይ የምትታጠብ መኪና

የምተዳደረው የመኪና ቀለም በማንጸባረቅ ነው። ማስታወቂያዬ የራሴ ጥቁር መኪና ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዤ በር ላይ ስገትራት፣ ሰው ኮፈኗ ላይ ጥርሱን አይቶ «የኔንም እንዲህ አድርግልኝ» ይላል። ሌላውን ቀን ግቢያችን ውስጥ ትቆማለች፣ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። ይህን ልማድ ያወጣሁበት ቀን ይረገም!

አማቴ ከኛ ጋር ሊኖሩ የመጡት ከአራት ወር በፊት ነው። ሻንጣቸውን በሩ ሥር አቁመው፣ «የማልጠቅም የሆንኩ ዕለት አንስቼው እሄዳለሁ» አሉ። ሚስቴ ወደ ጓዳ ጎትታኝ፣ «እማዬን አንዲት ክፉ ቃል ብትናገራት፣ ውርድ ከራሴ!» አለችኝ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

በሳምንቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የጉድጓድ ውሃችንን በውሃ ማጠጫ ጎማ መኪናዋ ላይ ለቀቁባት። ሳይወለውሉም ተዉት። ያ ውሃ ጨው ነው እንጂ ውሃ አይደለም! እያንዳንዷ ጠብታ ነጭ ቀለበት ሠርታ ደረቀች፣ ከሥሯም ቀለሙን በላችው። ማታ ቀለበቱን በአቼቶ አስለቀቅኩ። የተበላውን ግን አቼቶ አይመልሰውም፤ ዙሪያውን በማሽንና በፖሊሽ መፋቅ ነው። ከቀለሙ በላይ ያለችው ጥርት ያለች ሽፋን ደግሞ ከወረቀት ትሳሳለች፤ በፋቅኳት ቁጥር ታልቃለች። በማግስቱ ፈርቼ በምሳ ሰዓት እየሮጥኩ ብመጣ፣ አማቴ ጎማውን ይዘዋል።

«ልጄ፣ ነጠብጣቡ አለቀቀም እኮ። በደንብ አልታጠበችም» አሉኝ። ጉድ በሉ!

ሸራ አለበስኳት፤ ሸራውን አጥበው፣ ገፍፈው፣ መኪናዋንም አጠቡ። ጎማውን ደበቅኩ፤ በሻይ ማንቆርቆሪያ አጠቡ። ጥላ ሥር አቆምኳት፤ «እዚህ አትደርቅም» ብለው አራት ጎረቤት አስገፍተው ፀሐይ ላይ አወጧት። አንዱማ «እንደርስዎ ያለ አማት ይስጠን» ብሎ መርቋቸው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሥራዬን ጥዬ እሮጣለሁ። እሳቸው ከፊት ያጥባሉ፣ እኔ ፎጣ ይዤ ከኋላ እወለውላለሁ፣ ያመለጠኝን በማሽን እፍቃለሁ። «ከመጣህማ ብላ» ይሉኛል። እበላለሁ። ስለ ድሮ አለቆቻቸው እያወሩ ያስቁኛል፤ ንዴቴ እስከ ማታ አይመለስም። የቀለም ውፍረት መለኪያዬ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ቁጥሩ በየቀኑ ይወርዳል።

አርብ ዕለት ኮፈኑ መሀል ላይ መዳፍ የሚያህል ግራጫ ብቅ አለ። ቀለሙ አለቀ! ማሽኑን ወረወርኩት።

«እማማ! እርስዎ ነዎት የጨረሷት! ነጠብጣቡን የሚያመጣው የርስዎ ውሃ ነው!»

ገብተው ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። ሮጬ መንገዱን ዘጋሁባቸው። ሚስቴን ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ ነገ ምሳዬን ከማን ጋር ልበላ ነው?

«ሠላሳ ዓመት የሆቴል ብርጭቆ አጥቤያለሁ» አሉ። «ያልተወለወለ ውሃ ምን እንደሚያደርግ አንተ ልትነግረኝ?»

«ታዲያ ለምን?»

«የመጣሁ ሰሞን ምሳ ና ብልህ፣ ሥራ ይበዛብኛል አልከኝ። ሚስትህም ሥራ ትውላለች፤ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ጭር ይላል። መኪናዋን ሳጥባት ግን እየሮጥክ መጣህ።»

አንጀቴን በሉት። ሻንጣውን ከእጃቸው ስቀበል ቀለለኝ፤ ከፈትኩት። ባዶ ነው። ልብሳቸው በሚስቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ከገባ ለካ አራት ወሩ!

«ማስፈራሪያ ነበር» አሉ፣ አፍረው።

ቅዳሜ መኪናዋን ጋራዥ አልወሰድኳትም። ስድስት ሰዓት ላይ ስመጣ አማቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የግቢውን በር ያያሉ። ጎማው እንደተጠቀለለ ነው፤ አልነኩትም። እኔው ከፈትኩትና ከግራጫው ጀምሬ አጠብኳት። ፎጣውን ሳነሳ እጃቸውን አወዛወዙብኝ።

«ተወው፣ ፀሐዩ ያደርቀዋል» አሉ። «ምሳው ቀዘቀዘ።»